የጀልባ ሊብሬ

በቀለች የጎደለውን ያየችው በጠዋት የፊቷን እጣቢ ልትደፋ ወደ ጓሮ ስትወጣ ነው። ጀልባዋ በብሎኬት ላይ ተደግፋ፣ ትናንት የመጨረሻውን ቀለም ጠጥታ፣ ከጋራዥ እንደ ወጣ ሚኒባስ ሰማያዊ ሆና ታበራለች። ቀለሙ የእውነትም የሚኒባስ ነበር፤ ጎረቤቷ ሸምሱ ጎፋ ከሚሠራበት ጋራዥ የተረፈውን አምጥቶ ነው የረጨላት። በቀለች ሳፋዋን እንደያዘች አንድ ዙር ዞረቻት። ለፎቶ አልብሳ ያቆመቻት ልጅ ይመስል ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከኋላ፣ ሞተር በሚታሠርበት በጠፍጣፋው በኩል ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። እዚያ ላይ በአራት ሪቬት የተመታች፣ መዳፍ የማትሞላ ቆርቆሮ ነበረች፤ ዝገት የበላት፣ ቁጥር የተቀረጸባት። የለችም። በጣቷ ዳሰሰችው። ቀዳዳዎቹ እንኳ በስቱኮ ተደፍነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍገው፣ ከሌላው ገላዋ የማይለዩ ሆነዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጀልባዋን አስቀቢ ያላት ሰው አልነበረም። ጀልባ ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት የምትመጣው ባለሙያ አዳፋ ጀልባ ካየች «አሮጌ ናት» ብላ ትመልሰናለች የሚል ፍርሃት ያዛት፤ ፍርሃቱ አላስተኛት ሲል ሸምሱን ለመነችው። አሁን ባለሙያዋ ከቀትር በፊት ትመጣለች፤ መጥታ መጀመሪያ የምታየው ያንን ቁጥር ነው። ማመልከቻው ላይ በቀለች በእጇ የጻፈችው ያንኑ ቁጥር ነው። ማታ ደግሞ ጀልባዋን ወደ አርባ ምንጭ የሚጭነው አይሱዙ ይመጣል። ነገሩ ሁሉ በዚህ በአንድ ቀን ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጫሞ ሐይቅ ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ከመጪው ዓርብ በኋላ ሊብሬ የሌላትን ጀልባ ላይቀበል ወስኗል፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። በቀለችም በልቧ የማለችው መሐላ ነበራት። ስሟ ያለበት ወረቀት እጇ ሳይገባ ጀልባዋ ከዚህ በር አትወጣም። አንዴ ሐይቅ ከገባች የሚቀዝፋት ሰው ነው ባለቤቷ፤ በቀለች ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሀና ማርያም ሆና መቅዘፍ አትችልም።

ወደ ቤት ስትመለስ የሟች ባሏ የፊሊጶስ ወንድም ኤልያቄም ፍራሹን ጠቅልሎ ግድግዳ ጥግ አስደግፎታል። ክፍሉ አንድ ነው፤ በመጋረጃ ተከፍሎ ከወዲያ አልጋው፣ ከወዲህ ሁለት ሶፋና የቴሌቪዥኑ ብፌ። ብፌው ላይ የፊሊጶስ የብየዳ መነጽር ከነአቧራው ተቀምጧል፤ ማንም አላነሣውም። ኤልያቄም ጀልባዋን ወስዶ ጫሞ ላይ ሊያጠምድባት፣ ከዓሣውም ድርሻ ሊልክላት ከአርባ ምንጭ ከመጣ ጀምሮ እዚያ መነጽር ሥር ይተኛል፣ እዚያው ሥር ሻይ ይጠጣል፣ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ለበቀለች ልጅ ለዝማሬ ይተውላታል። ሲስቅ ጥርሱ የወንድሙ ነው። በቀለችና እሱ ስለ ቀለሟ ተነጋግረዋል፤ ስለ መኪናው ኪራይ ተነጋግረዋል፤ የቆሮሶ ዓሣ ዋጋ አርባ ምንጭ ስንት እንደ ሆነና አዲስ አበባ ሆቴል ሲገባ ስንት እንደሚሆን ተነጋግረው ሁለቱም ራሳቸውን ነቅንቀዋል። ጀልባዋ የማን ናት የሚለውን ግን ማንም አላነሣም። የአባታቸው ጀልባ ነበረች። ወልቃ፣ ዝጋ፣ ሸምበቆ ውስጥ ተጥላ ፊሊጶስ ነው በመኪና አስጭኖ አዲስ አበባ ያመጣት፤ በያጅ ስለ ነበር እሁድ እሁድ ከአምልኮ መልስ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ አንዱን ላሜራ እያወጣ ሌላውን እየበየደ ሠራት፤ የቁጥሯን ቆርቆሮም ነቅሎ አዲሱ ላይ መልሶ መታት። ጨርሶ ሳይነዳት ባለፈው ዓመት ሞተ። ታዲያ አሁን ጀልባዋ የአባትየው ከተባለች የኤልያቄምም ናት፤ የፊሊጶስ ከተባለች የበቀለችና የልጇ ናት። ኤልያቄም ይህን ሳያውቅ አልመጣም፤ ዝም ማለቱ ነው በቀለችን እንቅልፍ የነሣት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

«እትዬ፣ ሰላም አደርሽ?» አላት።

«ጌታ ይመስገን» አለችና ስለ ቆርቆሮዋ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ጋራዡ ጎፋ ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ትልቅ በር ሥር ባትላሜራው፣ ኤሌክትሪሻኑና ቀለም ቀቢው ተጠጋግተው የሚሠሩበት። ሸምሱ ጭምብሉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የአንዲት ቪትዝ በር ሲፈገፍግ አገኘችው።

«ሸምሱ፣ ከኋላዋ ያለችው ቆርቆሮ የት ሄደች?»

«የቷ? ያቺ ዝገት? ነቀልኳት እኮ እትዬ። ቀለም አትይዝም። ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኜ አሳመርኩልሽ።»

«ቁጥር ነበረባት።»

ሸምሱ የያዘው የብርጭቆ ወረቀት ከእጁ አልወደቀም፤ እጁ ግን ባለበት ቀረ። መኪና ሲቀባ ነው ያረጀው። የሻንሲ ቁጥር ያለበት ቦታ ሲደርስ በጋዜጣ ሸፍኖ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር ለጥፎ፣ ባለመኪናውን ጠርቶ «ይኸው፣ እንዳልነካሁ እይ» ሳይል ረጭቶ አያውቅም። ስለ ቁጥር ከእሱ በላይ የሚፈራ ቀቢ ጎፋ ውስጥ የለም። ጀልባ ግን ሻንሲ ይኖረዋል ብሎ ማን ያስባል?

«ወላሂ፣ ጥገና መስሎኝ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ድሮ ቀዳዳ የደፈኑባት ነገር።»

«የት ጣልካት?»

«ቆራሌው ሲያልፍ... ከባዶዎቹ ጣሳዎች ጋር ሰጠሁት።»

በቀለች ዐይኗ ፊት የመጣው በሬዲዮ የሰማችው ሰውዬ ነው፤ የሞተር ቁጥር ፍቆ ተገኝቶ ተፈርዶበታል የተባለው። እሷ ታስራ፣ ሸምሱ ታስሮ፣ ዝማሬ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩ ተቆልፎ ታያት። «እንታሠራለን?» አለችው። ሸምሱ «ኧረ እትዬ፣ በጠዋት እንዲህ አይባልም» ብሎ ሳቅ ሊል ሞከረና ሳቁ መንገድ ላይ ቀረበት። ጭምብሉን ፈቶ ተከተላት። ቆራሌዎቹ ዕቃ የሚያስመዝኑበት ግቢ ድረስ አብረው ወረዱ፤ ሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ሰው የትናንቱ ብረት ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ወደ መርካቶ መጫኑን ነገራቸው፣ ነገራቸውና ሌላ የሚሸጥ እንዳላቸው ጠየቃቸው።

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ወደ ቤቷ ተመልሳ ስልኳን ታጠፋ ይሆናል። በቀለች ግን ክፉ ነገር ሲመጣ ቁጭ ብላ መጠበቅ አይሆንላትም፤ ከሩቅ ከምትፈራው ቀርባ ብታየው ይሻላታል። ሸምሱን «ቤት ሄደህ ጠብቀኝ» ብላ ላዳ ያዘች። ሹፌሩ ደርሶ መልስ ስምንት መቶ አለ፤ አምስት መቶ አለች፤ ስድስት መቶ ላይ ተስማምተው መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ባለሙያዋን አሳፈረቻት። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ነዳጅ ስላልነበረው ማምጣትና መመለስ የባለጉዳይ ሥራ ሆኗል። ባለሙያዋ መቅደላዊት ትባላለች፤ ሸራ ጫማ ያደረገች፣ ሜትሯን እንደ አምባር እጇ ላይ ያጠለቀች ወጣት ናት።

«ጀልባ ሀና ማርያም?» አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያያቸው። «ክረምት ላይ እኛ ሰፈር ነበር የሚያስፈልገው። የት ነበራችሁ?»

መቅደላዊት ሳቀች። በቀለች አልሳቀችም። ቀለበት መንገዱ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ሲቆም፣ ያሰበችውን ንግግር ሁሉ ትታ «የኔ ልጅ፣ ቁጥሩ ጠፍቷል» አለቻት። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቀለሙን፣ ስቱኮውን፣ ቆራሌውን። ሸምሱን ስትጠራ «ደግ ሰው ነው፣ ስሙን እንዳትጽፊው» አለች። መቅደላዊት ሰምታ ስትጨርስ ወደ ውጭ አየች።

«ማዘር፣ እስቲ መጀመሪያ ልያት» አለች።

ግቢው ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ከፊት ለፊት ቤት ያሉት አከራያቸው አቶ ኮርሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ጀልባዋ ዛሬ መውጣቷን በዐይናቸው ሊያረጋግጡ ነው። ሸምሱ የሥራ ልብሱን ቀይሮ መጥቷል። ማሚቴ፣ ከጀልባዋ በክንድ ርቀት መስኮቷ የሚከፈተው ተከራይ፣ ልብስ ታሰጣለች፤ ጀልባዋ ላይ ማስጣት እንደ ቀረባት ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ እየተነጫነጨች። ኤልያቄም በጀልባዋ አፍንጫ በኩል እጁን ጠርዟ ላይ ጥሎ ቆሟል። መቅደላዊት ርዝመቷን ለካች፣ ወርዷን ለካች፣ ሆዷ ውስጥ ገብታ በጉልበቷ ተንበርክካ ስፌቱን ሁሉ በጣቷ ተከተለች። የነፍስ አድን ጃኬት ስትጠይቅ በቀለች ከመጋረጃው ጀርባ አራት ብርቱካናማ ጃኬቶች ይዛ መጣች።

«ለሁለት ሰው ጀልባ አራት?» አለች መቅደላዊት።

«ሁለቱ ለሚወድቁት፣ ሁለቱ ለሚያድኗቸው ነዋ» አለች በቀለች።

ቀጥሎ የውኃው ፈተና መጣ። ሐይቅ በሌለበት አገር ጀልባ ታፈሳለች አታፈስም የሚታወቀው ውኃ ከውስጧ ሞልተው ከሥር ሲያዩ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያንጠባጥብ ወደ ውስጥም ያስገባል። በዚህ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የመጣ ዕለትም ሌሊት ነው። በቀለች ሁለት ቀን ያጠራቀመችውን በርሜል ገለበጠች፤ አልበቃም። አቶ ኮርሳ ሮቷቸውን በዐይናቸው ለክተው «ሁለት ጀሪካን» አሉ። ማሚቴ «እኔ የምታጠብበትን ለብረት አላጠጣም» ስትል ቆየችና ሦስት ጀሪካን አንድ በአንድ አምጥታ ራሷ ገለበጠችው፤ «ስትጨርሱ ግን ውኃዬን ትመልሱልኛላችሁ፣ ለወለል ይሆነኛል» እያለች። ሁሉም ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። ከግራ በኩል፣ ከአንዱ ስፌት፣ አንዲት ጠብታ ወፍራ ወፍራ ወደቀች። በቀለች ዐይኗን ጨፈነች።

«ይቺ ላብ ናት» አለ ኤልያቄም። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረው ረጅሙ ቃል ነው። «ላብ የሌላት ጀልባ የለችም። ሐይቅ ላይ አንድ ሰው ይቀዝፋል፣ አንድ ሰው የገባውን ውኃ ይቀዳል። የሚቀዳ እስካለ አትሰጥምም።»

መቅደላዊት ጠብታዋን በሰዓቷ እያየች ጠበቀች፤ ሁለተኛዋ ስትዘገይ «ያልፋል» አለች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ የተደፈነውን ቦታ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። ሸምሱ ወደ መሬት አየ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች መቅደላዊት። «ቁጥሩ ቢኖር በድሮው ባለቤት ስም ከሐይቁ መዝገብ ጋር እናመሳክራለን፤ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርማሉ፤ ሁለት ወርም ሊፈጅ ይችላል። ቁጥሩ ግን ጀልባዋ ላይ የለም፤ ማመልከቻ ላይ ብቻ ያለ ቁጥር አይመሳከርም። አካሏን ሁሉ ሳየው ደግሞ ከአሮጌዋ የተረፈው የአፍንጫዋ ብረት ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ እዚህ ግቢ ውስጥ የተበየደ ነው። ስለዚህ እንደ አዲስ ነው የምመዘግባት። ሠሪው ማን እንደ ሆነ፣ ባለቤቷ ማን እንደ ሆነች የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ያልቃል።» እስክሪብቶዋን ከፈተች። «ሠሪው?»

«ፊሊጶስ» አሉ አቶ ኮርሳ። «እሁድ እሁድ የመብራቴን ቆጣሪ ያስሮጠው እሱ ነው።»

«ባለቤት ማን ልበል?»

በቀለች ይህን ጥያቄ ሌት ተቀን ስትጠብቀው ነበር። ሲጠየቅ ኤልያቄም «የአባቴ ናት» ብሎ ሲነሣ፣ እሷ ስታለቅስ፣ ባለሙያዋ ወረቀቷን አጥፋ «ተስማሙና ጥሩኝ» ብላ ስትሄድ ነበር የሚታያት። አሁን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላት ቆሟል። ቆራሌው የወሰደው የእሷን መከታ ሳይሆን የኤልያቄምን ድርሻ ነው። ሰው ሁሉ እሷን ያያል። «የኔ» አለች። «የባሌ ነበረች፣ የኔ ናት።»

አቶ ኮርሳ ፈረሙ። ሸምሱ እሱ የሚያውቀው ቀለሟን ብቻ እንደ ሆነ፣ ብየዳውን ግን በዐይኑ እንዳየ አብራርቶ ፈረመ። መቅደላዊት «ሦስተኛ?» ስትል ኤልያቄም እጁን ከጠርዙ ላይ አንሥቶ ቀረበ።

«እኔ እፈርማለሁ።»

«ምን እንደምትፈርም ግልጽ ነው? ጀልባዋ የወይዘሮ በቀለች ብቻ መሆኗን አውቃለሁ ብለህ ነው።»

«ገብቶኛል» አለና እስክሪብቶውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

በቀለች የሚሆነውን ሁሉ አስቀድማ ያሰበች መስሏት ነበር፤ ይህችን አላሰበቻትም። «አንዴ ቆይ» ብላ ኤልያቄምን በክንዱ ይዛ ከጀልባዋ ጀርባ ወሰደችው። ማሚቴ ያሰጣችው አንሶላ ከሰው ከለላቸው፤ የሳሙናው ሽታ ከአዲሱ ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ይሸታል።

«ለምን ትፈርማለህ?»

«ወንድሜ ነው የሠራት፣ እትዬ።»

«ብረቷ የአባትህ ነበር።»

«ብረቷ በስብሶ ነበር» አለ። ጫማውን እያየ ጨመረ፤ «እኛ ጋ በሟች ልጅ ፊት ንብረት አይጠራም። ጎሜ ነው ይላሉ፣ ነውር ነው፣ መዘዝ ያመጣል። የድሮ ሰዎች ነገር ነው፤ እኛ አሁን በጌታ ነን። ግን ዝማሬ ዳቦ ስታቀብለኝ አፌ እምቢ አለኝ። ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት። ሦስት ቀን ሞከርኩ።»

በቀለች ፊቱን አየችው። ያ ሁሉ ዝምታ፣ እሷ ደፈጣ ያለችው፣ እፍረት ነበር። ልቧ ራርቶ ሊያበቃ ሲል ግን ያ የለመደችው ሌላኛው ሐሳብ መጣ፤ በቀለች መልካም ነገር ሲነገራት እንኳ ከሥሩ የሚያንጠባጥበውን የምትፈልግ ሴት ናት። ይህ ሰው ፈርሞ ባዶ እጁን ሐይቅ ይሄዳል። የሰው ጀልባ ላይ ይቀዝፋል። አንድ ቀን ደክሞት፣ ማዕበል ይዞት፣ ላቧ በዝቶ ውኃው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሲደርስ፣ ጣሳውን አንሥቶ ለማን ይቀዳል? የራሱ ያልሆነን ነገር ሰው እስከ ስንት ድረስ ይቀዳል? እሷስ ብትሆን በአቶ ኮርሳ ጣሪያ ላይ የተቀደደውን ቆርቆሮ ስንት ዓመት ሙሉ «የአከራይ ነው» ብላ ባልዲ አስቀምጣበት ኖራለች? ሙሉ ጀልባ ሐይቅ ሥር ቢተኛ ለዝማሬ ምኗ ነው?

«ግማሿ ያንተ ብትሆን» አለችው፣ «ትቀዳለህ?»

ኤልያቄም ቀና አለ። «ግማሿ የኔ ብትሆን እዚያችው እተኛባታለሁ።»

ከአንሶላው ጀርባ ወጥታ «የኔ ልጅ፣ ሰርዢው» አለቻት መቅደላዊትን። «ሁለት ባለቤት ጻፊ። ግማሽ የኤልያቄም፣ ግማሽ የኔና የልጄ የዝማሬ።»

«ማዘር፣ እርግጠኛ ነዎት? አንዴ ከተጻፈ...»

«እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ጻፊው።»

መቅደላዊት ሰረዘች፣ አቶ ኮርሳና ሸምሱ በስርዙ ላይ ደግመው ፈረሙ። ይሁንና ባለቤት ለራሱ ምስክር አይሆንም፤ አንድ ሰው ጎደለ፣ ባለሙያዋም ሰዓቷን ማየት ጀመረች። በቀለች ዞር ስትል ማሚቴ ጀሪካኗን ከጀልባዋ ሥር ደቅና የተመለሰላትን ውኃ ስትቀዳ አየቻት። ስለዚህች ጀልባ ከማሚቴ ጋር ያልተጣላችበት ወር የለም። ኪራይ ትክፈል ተብላለች፣ ትንኝ ታረባለች ተብላለች፣ አንዴም ለወረዳ ተከስሳለች።

«ማሚቴ፣ ትመሰክሪልኛለሽ? ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም ልል ነው?» አለች ማሚቴ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ፀሐይ ከልክላኝ ስትኖር! ባልሽ ነፍሱን ይማረውና በእንቅልፌ ሰዓት ጢስ ጢስ ሲያደርግ፣ የትኛው ላሜራ መቼ እንደ ገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ? ያቺ በግራ ያለችው በመጨረሻ የገባች ናት፤ ያን ቀን ተሳድቤ ነበር። የት ነው የምፈርመው? ሂጂልኝ ብዬ ነው የምፈርም።» ፈርማም አልበቃት፤ ስሟ በትክክል መጻፉን ሁለት ጊዜ አስነበበች።

«የጀልባዋ ስም?» አለች መቅደላዊት በመጨረሻ።

ማንም አላሰበበትም ነበር። ኤልያቄም «እኛ ጋ በሠሪዋ ነው የምትጠራ» አለ። መቅደላዊት ቀና ብላ በቀለችን አየች። በቀለች የማሚቴን አንሶላ መሐል ለመሐል ከታጠፈበት እያቃናች ነበር፤ ፊቷን ሳታዞር ራሷን ነቀነቀች። መቅደላዊትም «ፊሊጶስ» ብላ ጻፈች።

ወረቀቱ ግን ያለ ማኅተም ወረቀት ነው። በቀለች ከባለሙያዋ ጋር በዚያው ላዳ ተመልሳ ሄደች። ሲስተም የለም ተባለች። ክፍያውን በስልኳ ልካ ደረሰኙን አሳየች፤ ሲስተም ስለሌለ ደረሰኙ አልታየም። ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል፤ «ነገ ይምጡ እናቴ» አላት መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት፣ በደግነት። በቀለች መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ነገ ሲስተሙም ኃላፊውም ወረቀቱም እንደማይኖሩ ታውቃለች፤ እሷ ዘንድ ነገ የሚባል ቀን ታምኖ አያውቅም። ወለሉን የምታጸዳው ሴት እግሯን ሁለት ጊዜ አስነሥታት ወለወለች። ባለጉዳዮች አንድ በአንድ ተመናመኑ። ወጣቱ በየጊዜው በመስኮቱ ያያታል፤ እሷም መልሳ ታየዋለች፤ አትለምነውም፣ አትቆጣውም፣ ቦርሳዋን ታቅፋ እንደ ዕቃ ቁጭ ብላለች። መጨረሻ ላይ እሱው ራሱ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ሲመለስ ኃላፊው ከኋላው ነበሩ፣ ሲስተሙም እንደ አጋጣሚ መጥቶ ነበር። ሊብሬዋን ስትቀበል ስሞቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ስሕተት እንዳለበት እርግጠኛ ነበረች። አልነበረበትም።

አይሱዙው የደረሰው ሲመሽ ነው፤ ቀን ከተማ ውስጥ መጫን አይፈቀድለትም። ሹፌሩ ሁንዴሳ ጀልባዋን በእጅ መብራት ዞሮ አያትና «በስልክ ጀልባ ስትሉኝ ታንኳ መስሎኝ ነበር፤ ይቺማ ቤት ናት» ብሎ ዋጋ ሊጨምር አፉን ሲከፍት ማሚቴ ቀደመችው፤ «ቤት ብትሆንማ ኪራይ በከፈለች። ጫን» አለችው። የግቢው ወንዶችና የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው በሳንቃ አንሸራተው አወጧት። ሸምሱ ቀለሙ እንዳይፋቅ በየማዕዘኑ ካርቶን እየሸጎጠ ዞረ፤ አዲሱን የሰሌዳ ቁጥር ሊብሬው እንደ ደረሰ በነጭ ቀለም በሁለቱም ጎን የጻፈው ራሱ ነው፣ ማንም ሳይጠይቀው ከጋዜጣ ቅርጽ ቆርጦ። ኤልያቄም ጋቢና ውስጥ ቦታ እያለ እላይ ወጥቶ ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጠ፤ ገመዱ ቢላላ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል አለ። በቀለች አራቱንም ጃኬቶች አቀበለችው። መቂ ጋ ንፋስ እንዳለ፣ ሻሸመኔ ጋ እንዳይተኛ፣ ሁንዴሳ ካንቀላፋ ጣሪያውን እንዲደበድብ ነገረችው። የሊብሬውን ኮፒ በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ዋናው ጡቷ ሥር ነው።

«ደርሼ እደውላለሁ፣ እትዬ» አለ ከላይ።

«ከመድረስህም በፊት ደውል» አለችው።

መኪናው የሠፈሩን ኮብልስቶን እያንገጫገጨ ወርዶ ሲጠፋ ጓሮው ባዶ ሆነ። ጀልባዋ የነበረችበት መሬት ነጣ ብሎ፣ ሣር ሳያበቅል፣ የራሷን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። ማሚቴ መስኮቷን ከፍታ ትንሽ ካየች በኋላ «ጨለማ ሆነ እኮ» ብላ ዘጋችው። ዝማሬ እናቷን ተከትላ ገባች፤ ኤልያቄም የተኛበትን ፍራሽ ሶፋው ላይ አነጠፈችና ቁጭ አለች። የእናቷ ልጅ ናት፤ ምን እንደምትጠይቅ በቀለች ከፊቷ አነበበች።

«እማዬ፣ ከዓሣው ድርሻችንን ባይልክልንስ?»

በቀለች ጡቷ ሥር ያለውን ወረቀት በእጇ ጫን አለችው። ስለ ንፋሱ፣ ስለ ሁንዴሳ ዐይን፣ ስለዚያች በግራ በኩል ስላለችው ጠብታ እያሰበች ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደምታስበውም ታውቃለች። ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ ነበራት።

«ሄጄ ግማሼ ላይ እቀመጣለኋ» አለች። በሩን ገፋ አድርጋ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።